የሰርግ መጥሪያው ናሙና

ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ እኔና ባልንጀራዬ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችን። ሰው የሚያውቀን በደብተር፣ በእስክሪብቶና በፎቶ ኮፒ ነው። እኛ ግን ልባችን ያለው ሌላ ቦታ ነው። በየወቅቱ የሚሆን ነገር እየፈጠርን እናዘጋጃለን፤ ለዘመን መለወጫ የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ ለረመዳን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የፆም ሰዓት ሰሌዳ፣ ለግሸን ተጓዦች የኪስ ደብተር፣ ለጥር ደግሞ የሰርግ መጥሪያ።

ማተሚያ ቤቱ ያለው ደሴ ነው። ብዙ አሳትመን ሳይሸጥ ቢቀር የምንወድቀው እኛ ነን፤ ሳናሳትም ብንጠብቅ ደግሞ ሰው ያላየውን ነገር አያዝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አንድ ናሙና ብቻ እናስወጣለን። ናሙናውን እንደ ወቅቱ እናስጌጠውና ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንለቀዋለን። የዲዛይን ሰዎች ይህን ሞክአፕ ይሉታል። እናቴ ደግሞ «የሌለውን እንዳለ ማሳየት» ትለዋለች፤ እንደ ወቀሳ አይደለም፣ እሷ ነገርን በስሙ መጥራት ትወዳለች።

የዚህ ሥራ ደስታው በዓል ሁሉ ለእኛ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛ ሱቅ ውስጥ ዘመን እንለውጣለን። አንድ ዓመት አደይ አበባ ሳይወጣ ካርዱ መነሳት ስለነበረበት ባልንጀራዬ ቢጫ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች እቅፍ ሙሉ አደይ ሠራች። ፎቶውን ያየ አንድ ደንበኛ «ልጆቼ ጋራውን ሁሉ ዞረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ እናንተ ከየት አገኛችሁት?» ብሎ ጠየቀን። ሌላ ጊዜ ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ለዒድ ካርድ ፎቶ ቴምር ደርድረን፣ ፋኖስ አብርተን፣ ከወርቃማ ወረቀት የተቆረጠች ጨረቃ መስኮቱ ላይ ሰቀልን። ከአስር ሶላት የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙና «ልጆቼ፣ እኛ ገና ሳንፆም ጨረቃዋ ታየች?» አሉ። ያን ቀን ሥራ አልሠራንም። እኔና እሷ ሳቅ ከያዘን አንለቀቅም፤ አንዷ ልታቆም ስትል ሌላዋ ትጀምራለች።

ባልንጀራዬ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ሙስሊም ነኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። ኮምፒውተሩና ካሜራው የእሷ ነው። እኔ አስዋቢ ነኝ፤ ጨርቁን የማነጥፈው፣ አበባውን የማስቀምጠው፣ ዕቃውን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ የማዞረው እኔ ነኝ።

አምና ጥቅምት ሲያልቅ ለጥር የሚሆን የሰርግ መጥሪያ ልናዘጋጅ ተነሳን። ሁለት ዓይነት ነበር፤ አንዱ አናቱ ላይ «በስመ አብ» የሚል፣ ሌላው «ቢስሚላህ» የሚል። ቀድሞ ያለቀው የቢስሚላሁ ነበር። የሙሽሮቹ ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ነጥብ ነጥብ እናድርግ ብዬ ነበር፤ ባልንጀራዬ አልተዋጠላትም።

«ነጥብ ያገባ ሰው የለም» አለችና የእኔን ስም ጻፈችበት።

«ለምን የእኔን?»

«የእኔ ይረዝማል፣ መስመር ያልፋል። ያንቺ ልክክ አለ።»

እውነትም ልክክ አለ። ወርቃማ ሆኖ፣ ጫፉ ጠምዘዝ ብሎ ስሜን ሳየው ትንሽ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለወንዱ ደግሞ በአገራችን በጣም የተለመደውን ስም መረጥን። ሐይቅ ገበያ መሐል ቆማችሁ ብትጠሩት ግማሹ ወንድ «አቤት» የሚልበት ስም ነው። ማንንም አስበን አልነበረም። ቀኑን ጥር ላይ አንድ እሑድ አደረግነውና ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ናሙና» ብለን ጻፍን።

ፎቶውን ሐይቁ ዳር፣ ታንኳ ላይ ልናነሳው ወሰንን። ሐሳቡ ሁለት እጆች ካርዱን አብረው ይዘው፣ ከኋላቸው ውሃው ሲያብረቀርቅ ነበር። የሴቷ እጅ የእኔ ነው፤ ዋዜማውን እናቴ ሂና አሰረችልኝ። የወንዱን እጅ ያዋሰን የባልንጀራዬ ወንድም ነው። እሱ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚስትና አንድ ሕፃን አለው። በቀጠሮው ሰዓት ሚስቱ የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ መጣ።

«ወንድሜ፣ ፎቶው ላይ የሚወጣው እጅህ ብቻ ነው» አለችው እህቱ።

«ታዲያ እጄ ራቁቱን ይምጣ?»

ከዚያ ከኪሱ ሎሚ አወጣና መዳፉን ያሽ ጀመር።

«የዓሣ ሽታ ፎቶ ላይ አይታይም» አልኩት።

«ለእናንተ አይታያችሁ ይሆናል። እኔ ዛሬ ሙሽራ ነኝ፤ አንዴ ልታጠብበት።»

ለካርዱ ማጀቢያ ከደሴ በሚኒባስ ያስመጣናቸው ጽጌረዳዎች ነበሩን። ታንኳው አፍንጫ ላይ ደርድሬያቸው ብርሃኑን ለማየት ዞር ከማለቴ ከኋላዬ የማኘክ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ፍየል ናት፤ ሸንበቆው ውስጥ ስትግጥ የነበረች። የመጨረሻዋ ጽጌረዳ ግማሽ አካሏ ከከንፈሯ ውጭ ተንጠልጥሏል። ባልንጀራዬ ካሜራውን ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ የምትነሳም አልመሰለኝም። ወንድሟ ፍየሏን በጥሞና ሲያያት ቆየና «እሷም ተጠርታለች እንዴ?» አለ።

ፀሐይዋ እየወረደች ነበር። አበባ ካላገኘን ቀኑ ይባክናል። ከውሃው ዳር ካለው የጓሮ ማሳ ባለቤቱን አስፈቅጄ ያገኘሁት ነገር የዱባ አበባ ብቻ ነው። ሰፊ፣ ቢጫ፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ። አንዱን ከካርዱ ግርጌ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ውሃው ሰማያዊ፣ አበባው ቢጫ፣ ሂናው ቀይ፣ የዓሣ አጥማጁ እጅ ጠንካራና ጥቁር። ባልንጀራዬ ደጋግማ አነሳችው። ያን ቀን ማታ ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው። ፎቶው ውብ ከመሆኑ የተነሳ የዱባ አበባው «ናሙና» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ሁለታችንም አላስተዋልንም።

በማግስቱ ሱቁን ስከፍት ፊት ለፊታችን ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን መንገዱን ተሻግራ መጥታ አቀፈችኝ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል» አለችኝ።

ካርዱን ማለቷ መሰለኝ። «አላህ ይስጥልኝ። ወደድሽው?»

«ማን የማይወድ አለ። ግን እንዲህ በድብቅ?»

«ኧረ ምን ድብቅ አለው። ትናንት ማታ ለቀቅነው፣ አገሩ ሁሉ አይቶታል።»

«እሱንማ እኔም አየሁ። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ፈጀባችሁ?»

«ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሦስት ቀን ቢሆን ነው።»

ዓይኗ ፈጠጠ። «ሦስት ቀን ብቻ?»

«ልምዱ አለንኮ። አምናም ሞክረን ነበር፤ ያምናው ግን ቶሎ ተጣጠፈ፣ ማንም አልወደደው፣ ተውነው።»

«ያምናውም ነበር?»

«ነበር እንጂ። የዘንድሮው ግን ወፍራም ነው፤ ውሃ ቢነካው እንኳ አይበላሽም። ካላመንሽ ላምጣልሽና በእጅሽ ዳብሰሽ እዪው።»

ጎረቤቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ «አዑዙ ቢላህ» እያለች ወደ ሱቋ ተመለሰች። እኔ የወረቀቱ ጥራት ያስደነቃት መስሎኝ ኮራሁ። ከውስጥ ሆና ሁሉንም የሰማችው ባልንጀራዬ ናት፤ ከወረቀት ክምሩ ጀርባ ድምፅ ሳይወጣት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ስልኳን ዘርግታ ፎቶውን አሳየችኝ። ስሜ፣ ያ ስም፣ ጥር፣ እሑድ፣ ሂና፣ የወንድ እጅ። «ናሙና» የሚለው ቃል የታለ? ዱባ።

ቀኑን ሙሉ ስልኬ አላረፈም። ባልንጀራዬ ከፎቶው ሥር «ይህ ናሙና ነው» ብላ ጻፈች፤ ወዲያው አንዱ «ናሙናው ሙሽራው ነው ወይስ ሙሽሪት?» ብሎ መለሰ። እኔ አፍሬ አላበቃሁም፣ ያን ስም የያዙት ወንዶች ደግሞ በየፊናቸው መከራ ገጠማቸው። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ዝምተኛ ልጅ ከቀትር በፊት ስንት ሰው እንደጨበጠው አላውቅም፤ በመጨረሻ ሱቃችን በር ላይ መጥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ይቅርታ እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «እኔ የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን?»

ምንም የለም ብዬ ካርዱን አሳየሁት። በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከዚያ መተንፈሱ ራሱ ነውር እንዳይሆንበት ፈርቶ «ቢሆንም ኖሮ መቼም ክብር ነበር» አለ። ያንኑ ስም የያዘ ባጃጅ ነጂ ግን ምንም አልካደም። «እንኳን ደስ ያለህ» ሲሉት «አሜን፣ ኢንሻአላህ» እያለ ከተማውን ሲዞር ዋለ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት መጣች። ባሏ የትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ስሙም ያው ስም ነው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፎቶውን አሳዩኝ አለች። ባልንጀራዬ ኮምፒውተሩ ላይ አጉልታ አሳየቻት። ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ የወንዱን እጅ ጣት በጣት አየችው።

«የእሱ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «የኔ ባል ጥፍሩን ይበላል።»

ከዚያ ተነፈሰች፤ እኛም ተነፈስን። ሁላችንም ተያይተን ሳቅ ፈነዳ። ልትወጣ ስትል ተመልሳ «ጥር ላይ እህቴን እድራለሁ። ያንን ከነዱባው ትሠሩልኛላችሁ?» አለች። የዚያ ካርድ የመጀመሪያ ደንበኛችን እሷ ናት።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ምርቃት ትቀበላለች። «አላህ ያሳካላት» ይላሉ፤ እሷ «አሜን» ትላለች። «አላህ ልጅ ይስጣት» ይላሉ፤ «አሜን» ትላለች። ሴቶቹ እስኪሄዱ ጠበቅኳት።

«እማዬ፣ ሂናውን ያሰርሽልኝ አንቺ ነሽ። ለፎቶ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ሰው ዱዓ ሲያደርግልኝ አይ ይቅርብኝ ልበል?» አለችኝና ተነስታ ወደ ውስጥ ገባች። ከጀርባዋ ስትስቅ አይቻታለሁ።

በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከውጫሌ የሚመጣ ሚኒባስ ፌርማታውን ትቶ በቀጥታ ሱቃችን በር ላይ ቆመ። ከጣራው ላይ የበግ ድምፅ ይሰማል። በሩ ተከፈተና የእናቴ ታላቅ እህት ወረደች። አክስቴ አምባሰል ተራራ ላይ ነው የምትኖረው፤ ለትንሽ ነገር ወደ ከተማ አትወርድም። አዲስ ሻሽ አስራለች፣ እጇ ላይ የማር ቅል ይዛለች። ረዳቱ ከጣራው አንድ ድልብ ሙክት ሲያወርድ እሷ በራችን ላይ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው። ባልንጀራዬ ይህን ባየች ጊዜ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

«አንቺ ልጅ» አለች አክስቴ፣ አንገቴን አቅፋ፤ «የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ ባታሳየኝ ሰርግሽ ሊያልፈኝ ነበር። እኔን ሳይነግሩ ሰርግ?»

አስቀመጥኳት። ውሃ ሰጠኋት። ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ።

«አክስቴ፣ ሰርግ የለም።»

«ፈረሰ?»

«አልፈረሰም። መጀመሪያም አልነበረም።»

«ወረቀቱ አለ አይደል?»

«ወረቀቱ አለ።»

«እጁስ? የወንድ እጅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«እጁም አለ።»

«ታዲያ ሰውየው የታለ?»

«ሰውየው የለም።»

አክስቴ ውሃውን አስቀመጠች። «ወረቀት አለ፣ እጅ አለ፣ ሰው የለም» አለች ለራሷ፣ ቃል በቃል እየመዘነች። ከጠረጴዛው ሥር እንደ ሳል ያለ ድምፅ መጣ።

ሥራችንን ላስረዳት ሞከርኩ። ካርዱ ሰው እንዲያየው ብቻ አንድ እንደታተመ፣ ስሜ ልኩ ስለሆነ እንደገባ፣ አበባው ቃሉን እንደሸፈነው፣ ጽጌረዳውን ፍየል እንደበላችው። ፍየሏ ጋ ስደርስ ከንፈሯ ጫፍ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግን ቶሎ አልተረታችም።

«የእጁን ባለቤት ጥሩልኝ» አለች።

ዓሣ አጥማጁ ገበያ ዓሣ ይሸጥ ስለነበር ቶሎ ደረሰ። በሁለት እጁ ሊጨብጣት ሲል አክስቴ ቀኝ እጁን ያዘችና ገልብጣ አየችው።

«ይሄ ነው። አውቄዋለሁ። ሚስት አለህ?»

«አለችኝ እናቴ።»

«ልጅ?»

«አንድ።»

«አላህ ያሳድግልህ» አለችና እጁን ለቀቀችው። ከዚያ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ነበር፤ ኋላ ሻሿ እስኪፈታ። ባልንጀራዬ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች፣ እኔም ሳቄን ለቀቅኩት። በጉም ውጭ ሆኖ ያግዘናል።

ሳቁ ሲበርድ ግን አክስቴ እውነተኛ ችግር እንዳለባት ነገረችን። «እኔ አሁን ምን ብዬ ልመለስ? የእህቴ ልጅ ልትዳር ነው፣ ልጠይቃት ወርጃለሁ ብዬ አገሩን ሁሉ ተሰናብቼ ነው የመጣሁት። በጉን መልሼ ጣራ ላይ ልጫን?»

ባልንጀራዬ እንባዋን እየጠረገች ካሜራውን አነሳች። «እማማ፣ እኛም አንድ ፎቶ ይጎድለናል። ካርዱን ብቻ አነሳን እንጂ ሰው መጥሪያ ሲቀበል አላነሳንም። እርስዎ ይቀበሉልን። ፎቶውን ይዘው ይመለሱ።»

«ልዋሽ?»

«አይዋሹም። ፎቶ ተነሳሁ ይበሉ።»

አክስቴ አሰበችበት። «ፎቶ ከተነሳሁማ እንዲህ ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጬ አይሆንም» አለች።

በዚህ ሁኔታ ነው የእናቴ ግቢ ውስጥ የሌለ ሰርግ የተሰናዳው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤታችን እውነቱ ሲነገራት በመጀመሪያ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ያን ቀን ጠዋት ያወራነውን እያስታወሰች ሆዷን ይዛ ሳቀችና ከሱቋ ወርቃማ መጋረጃ አምጥታ አጥሩ ላይ ዘረጋችው። የመምህሩ ሚስት መጣች፣ ባሏንም አስከትላ፤ ጥፍሩን አየሁት፣ እውነቷን ነው። የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ሙሽራ ሆኖ እንዲቆም ሲለመን ፈጽሞ እምቢ አለ፤ በጉን ይዘህ ከኋላ ቁም ሲባል ግን እሺ አለ። እኔ ጨርቁን አነጠፍኩ፣ ከጓሮ የተቆረጠ የዱባ አበባ በሳህን ደረደርኩ። እናቴ ለአክስቴ ካርዱን ስትሰጣት፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ስትቀበል፣ ከኋላ ሴቶቹ እልል ሲሉ ባልንጀራዬ አነሳችው።

ካሜራው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ማንም አልተበተነም። አክስቴ ካርዱን ደረቷ ላይ እንደያዘች እጇን ከፈተችና ዱዓ ጀመረች። ለእኔ፣ ለባልንጀራዬ፣ ለሱቁ፣ በር ላይ ለቆሙት ሁሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሜን» አለ። የእኔ ዓይን ለምን እንደሞላ ባልንጀራዬ አልጠየቀችኝም፤ የእሷም ሞልቶ ነበርና። ሁሉም ነገር ናሙና ነበር፤ ዱዓው ግን የምር ነበር።

በጉ ታረደ። ለክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻችን ዓሣ አጥማጁ ያን ቀን ያልተሸጠውን ቆሮሶ ሁሉ ጠብሶ አመጣ። ዓሣ ባራኪ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ስጋው ያለቀባቸው ሙስሊሞችም ወደ ዓሣው ዞሩ። አክስቴ አንድ ቆሮሶ እሾሁን እየለቀመች ስትበላ «እጁ ሎሚ ሎሚ ይል ነበር፤ ለካ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ ነው» አለች። የባጃጁ ሰውዬ ሳይጠራ መጥቶ በልቶ መርቆ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ባልንጀራዬ ፎቶውን በወፍራም ወረቀት አትማ ለአክስቴ ሰጠቻት። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጠች ሴት አንገቷን አስግጋ አየችው። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ልሰናበታት ነበርና ሰማኋቸው።

«ሰርግ ነበር?» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ፣ የእህቴ ልጅ።»

«ማሻአላህ። ሙሽሪት ይህቺ ናት?» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች፤ «ሙሽራውስ?»

አክስቴ ፎቶውን ቀና አድርጋ ያዘችና «እሱ ገና አልታተመም» አለቻት።

ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እኔና ባልንጀራዬ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን። መቆም አልቻልንም። አላፊው አግዳሚው ሰው ሸኝተን የምናለቅስ መስሎት «አይዟችሁ» እያለን ያልፋል።

የአክስቴን ፎቶ ሰኞ ለቀቅነው፤ «ናሙና» የሚለውን ቃል በዚህ ጊዜ አናቱ ላይ፣ በትልቁ ጻፍነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ትዕዛዙ ከሐይቅ አልፎ ከውጫሌም ከደሴም መጣ። ሰው ሁሉ ሲያዝ «አሮጊቷ የያዘችውን» ይላል። አክስቴ አሮጊት መባሏን ስትሰማ ተቆጥታ ነበር፤ ካርዷ በስንት ሰርግ እንደዞረ ስንነግራት ግን «እንግዲህ የያዘው እጅ ነው የሚያሸጠው» አለች። ጥር ላይ ሰርግ በሰርግ ሆንን። የራሴን ዲዛይን በፖስታ አሽገው እየጠሩኝ፣ ሄጄ በላሁ፣ ጨፈርኩ።

አሁን አክስቴ በየወቅቱ ስልክ ትደውላለች። «ቀጥሎ ምንድን ነው? መውሊድ ነው? ምን ልልበስ?» ትለኛለች። ባለፈው ለመውሊድ ካርድ ስትመጣ በራሷ ጊዜ እጇን ሂና አሳስራ፣ በሚኒባሱ መስኮት መዳፏን አውጥታ እያውለበለበች ነው የደረሰችው።